ፈተና የወደቀው ሊቅ፤ የስሪኒቫሳ ራማኑጃን የሕይወት ታሪክ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ የምናነበው ስማቸውን ለማድነቅ ብቻ ሳይሆን፣ ከደከሙበት ድካምና ከተሳሳቱበት ስሕተት ትምህርት ለማግኘትም ጭምር ነው። ከነዚህም ሰዎች መካከል ስሪኒቫሳ ራማኑጃን የተባለው የሕንድ አገር የሒሳብ ሊቅ አንዱ ነው። የዚህን ሰው ስም የሰሙ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ዛሬ የዓለም የሒሳብ ሊቃውንት ሥራውን እየመረመሩ የሚደነቁበት ይህ ሰው፣ በወጣትነቱ የኮሌጅ ፈተና ደጋግሞ እንደ ወደቀ የሚያውቁ ጥቂቶች ይመስሉኛል። እኔም ታሪኩን በትምህርት ቤታችን ዓመታዊ መጽሔት ላይ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለዚሁ ነው።

የፈተና ነገር ለኛ ለተማሪዎችም ሆነ ለወላጆቻችን ቀላል ነገር አይደለም። በአገራችን አቈጣጠር የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠ ጊዜ፣ ከተፈተኑት ከመቶው 3.3 ያህሉ ብቻ ግማሽና ከግማሽ በላይ ማግኘታቸው ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ፈተና፣ ይልቁንም የሒሳብ ፈተና፣ በተነሣ ቍጥር በየቤቱ ጭንቀት ይገባል። ባለፈው ዓመት ሦስት የክፍል ጓደኞቼ ሒሳብ እንዳስጠናቸው ስለ ለመኑኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን እናጠና ነበር። እኔ ግን ሒሳብ እወድ ስለ ነበረ፣ እነሱ የከበዳቸውን ትቼ እኔን ደስ ያሰኘኝን እንቈቅልሽ መሳይ ሒሳብ እያሳየኋቸው ብዙ ቅዳሜ አለፈ። መልሱንም ቶሎ ብዬ በቃሌ እናገራለሁ እንጂ፣ እንዴት እንዳገኘሁት ደረጃ በደረጃ በሰሌዳ ላይ አልጽፍላቸውም ነበር። ፈተናው በመጣ ጊዜ ከሦስቱ ሁለቱ ወደቁ። ከነዚህም አንደኛው እናቱ ጉልት ቸርችረው የሚያስተምሩት ልጅ ነው። ውጤቱን በሰማ ቀን ወደ ቤቱ ለመሄድ ፈርቶ፣ እስኪመሽ ድረስ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ መቈየቱን አልረሳውም። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ልቤ ያውቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ የራማኑጃንን ታሪክ ሳነብ፣ እኔ በትንሹ የሠራሁትን ስሕተት በእጅጉ ከሚበልጠኝ ሰው ሕይወት ውስጥ አገኘሁት። ስለዚህ ታሪኩን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ራማኑጃን በታኅሣሥ ወር በ1887 ዓ.ም. በደቡብ ሕንድ በኤሮድ ከተማ በእናቱ ወላጆች ቤት ተወለደ። ያደገው ግን ኩምባኮናም በምትባለው የብዙ ቤተ መቅደሶች ከተማ ነው። በዚያን ዘመን ሕንድ በእንግሊዞች ትገዛ ነበር። አባቱ በአንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በጸሐፊነት የሚያገለግል፣ ደመወዙም ጥቂት የሆነ ሰው ነበረ። እናቱ ደግሞ በቤተ መቅደስ መዝሙር ትዘምር ነበር። ወገናቸው ከብራህማን ነው፤ ይህም በሕንድ ሥርዐት የተከበረ ወገን ቢሆንም፣ ክብሩ ድኽነታቸውን አላስቀረላቸውም። ልጁ ሁለት ዓመት ሲሆነው በፈንጣጣ ታሞ ነበር፤ በዚያ በሽታ ብዙ ሕፃናት ሲያልቁ እሱ ተርፎ አደገ።

በ1897 ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃ ፈተና በተፈተነ ጊዜ፣ በእንግሊዝኛ፣ በታሚል ቋንቋ፣ በጂኦግራፊና በሒሳብ ከወረዳው ልጆች ሁሉ ከፍ ያለ ውጤት አገኘ። እንግዲህ ይህን ልብ እንበል፤ ልጁ በመጀመሪያው በሁሉም ትምህርት ጐበዝ ነበረ። ከዚያም በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ቤተ ሰቡ ለኑሮው መደጐሚያ እንዲሆን ለኮሌጅ ተማሪዎች ክፍል ያከራይ ነበርና፣ ልጁ በዐሥራ አንድ ዓመቱ ገደማ እነዚያ ተማሪዎች የሚያውቁትን ሒሳብ ጠይቆ ጨረሰባቸው። እነሱም የትሪጐኖሜትሪ መጽሐፍ አዋሱት፤ በዐሥራ ሦስት ዓመቱ መጽሐፉን ጠንቅቆ ዐወቀው።

በ1903 ዓ.ም. ግን ሕይወቱን የለወጠ አንድ መጽሐፍ በእጁ ገባ። የመጽሐፉ ደራሲ ጆርጅ ካር የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ካር ዝነኛ ሊቅ አልነበረም፤ በሎንዶን ከተማ ተማሪዎችን ለከባድ የሒሳብ ፈተና የሚያዘጋጅ የግል አስጠኚ ነበረ። ለተማሪዎቹ ያዘጋጀውንም ማስታወሻ አሰባስቦ ወደ 5,000 የሚጠጉ የሒሳብ ደንቦች የሚገኙበት መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። የመጽሐፉ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ደንቡን በቍጥር እየለየ ይዘረዝራል፤ ማረጋገጫውን ግን ወይ በአጭሩ ይጠቁማል፣ ወይ ጨርሶ ይተወዋል። ሌላ ልጅ ቢሆን መጽሐፉ ደረቅ ነው ብሎ በዘጋው ነበር። ራማኑጃን ግን እያንዳንዱን ደንብ እንደ አዲስ ጥያቄ ቈጥሮ፣ እውነት መሆኑን በራሱ መንገድ ሊያረጋግጥ ቀንና ሌሊት ይታገል ጀመር። ለፈተና ተብሎ የተጻፈ መጽሐፍ እንዲህ አድርጎ ሊቅ ሲያወጣ ማየት ያስደንቃል። ነገር ግን ልጁ ከመጽሐፉ ጥሩውንም መጥፎውንም ልማድ ወረሰ፤ ጥሩው ልማድ በራስ መድከም ሲሆን፣ መጥፎው ደግሞ መልሱን ብቻ ጽፎ የመጣበትን መንገድ አለመጻፍ ነው።

በ1904 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ የሒሳብ ሽልማት ተሰጠው። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተርም፣ ለዚህ ልጅ ከሙሉ ነጥብ በላይ ቢገኝ ይገባው ነበር ሲሉ በሕዝብ ፊት አመሰገኑት። ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶም በዚያው በኩምባኮናም ወደሚገኘው የመንግሥት ኮሌጅ ገባ።

ከዚህ በኋላ የሚነገረው ነገር ያሳዝናል። ራማኑጃን በሒሳብ ፍቅር ከመያዙ የተነሣ ሌላውን ትምህርት ፈጽሞ ተወው። መምህሩ ስለ ታሪክ ወይም ስለ እንግሊዝኛ ሲያስተምር፣ እሱ ከኋላ ተቀምጦ ሒሳቡን ያሰላ ነበር። በዚህም ምክንያት በሌላው ትምህርት ስለ ወደቀ ነፃ የትምህርት ዕድሉ ተወሰደበት። ወላጆቹ የትምህርቱን ክፍያ ለመክፈል ዐቅም አልነበራቸውም። በነሐሴ ወር በ1905 ዓ.ም.፣ ገና የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ለማንም ሳይናገር ከቤቱ ጠፍቶ ቪዛጋፓታም ወደምትባል ሩቅ ከተማ ሄደ፤ ወላጆቹም በብዙ ጭንቀት ሲፈልጉት ከረሙ። ይህን ስፍራ ባነበብሁ ጊዜ በአጥሩ ሥር የተቀመጠው ጓደኛዬ ትዝ አለኝ።

በ1906 ዓ.ም. ወደ ማድራስ ከተማ ሄዶ በሌላ ኮሌጅ ገባ። በዚያም በሒሳብ ብልጫ ቢኖረውም በእንግሊዝኛ፣ በሳንስክሪትና የሰውነትን አሠራር በሚያስተምረው በፊዚዮሎጂ ደካማ ሆነ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ፈተናውን ወደቀ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም በድጋሚ ተፈትኖ ወደቀ። የፈተናው ሥርዐት በአንዱ ትምህርት እጅግ የበረታውን ሰው በሌላው ድካሙ ይጥለው ነበር። ሥርዐቱ ጠባብ ነበር ማለት ይቻላል፤ እኔም እንደዚያ አስባለሁ። ዳሩ ግን ራማኑጃን ሕጉን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ከሒሳቡ ሰዓት በቀን ጥቂት ቀንሶ ለሌላው ትምህርት ቢሰጥ ኖሮ፣ ከዚያ ወዲያ የመጣውን የረኃብ ዘመን ምናልባት ባላየው ነበር።

ዲግሪ የሌለው ሰው በዚያን ጊዜ ጥሩ ሥራ አያገኝም ነበርና፣ ራማኑጃን ለብዙ ዓመት በችግር ኖረ። በ1909 ዓ.ም. በአገሩ ልማድ መሠረት እናቱ ጃናኪ የምትባል ልጅ አጋባችው፤ ጃናኪም ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ሕፃን ነበረች። ወረቀት ውድ ስለ ነበረ ሒሳቡን የሚሠራው በጠመኔ በድንጋይ ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳው ሲሞላ በክርኑ አጥፍቶ ይቀጥላል፤ በደብተሩ የሚያሰፍረው የመጨረሻውን መልስ ብቻ ነው። እንዲህ እያለ የሞላቸው ደብተሮች ዛሬም ድረስ አሉ።

በነዚህ የችግር ዓመታት እንጀራ ለማግኘት ሲል በማድራስ፣ እሱ ራሱ ለወደቀው ለዚያ ዐይነት ፈተና የሚዘጋጁትን ተማሪዎች ያስጠና ጀመር። እንግዲህ እኔ ከሁሉ አብልጬ ያሰብሁት በዚህ ነገር ላይ ነው። በጊዜው በአገሩ ሁሉ ከሱ የሚበልጥ ሒሳብ ዐዋቂ አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ጥሩ አስጠኚ አልሆነም። ካልኩለስ እንዲያስረዳው ወደሱ የመጣ አንድ ተማሪ ነበረ። ራማኑጃን ግን ለፈተና የሚያስፈልገውን ትቶ፣ ማለቂያ ስለ ሌለውና እጅግ ስለሚያንሰው ነገር ብቻ ያወራለት ስለ ነበረ፣ ተማሪው ትምህርቱ ለፈተናው እንደማይረዳው አይቶ ብዙ ሳይቈይ ተወው። ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ላላወቀው ሰው ከቆመበት ስፍራ ጀምሮ መንገድ መምራት ግን ሌላ ነገር ነው። ያለፈው ዓመት ቅዳሜዎቼ ሁሉ በፊቴ የቆሙት ይህን ባነበብሁ ጊዜ ነው።

በ1910 ዓ.ም. ራማኑጃን ደብተሩን ይዞ ራማስዋሚ አየር ወደሚባሉ የመንግሥት ሹም ሄደ። እኒህ ሰው የሕንድን የሒሳብ ማኅበር በ1907 ዓ.ም. የመሠረቱ ናቸው። ደብተሩን ባዩ ጊዜ፣ ይህን የመሰለ ዕውቀት ያለውን ሰው በዝቅተኛ የቢሮ ሥራ ማፈን ግፍ መስሎ ስለ ታያቸው፣ ለሒሳብ ዐዋቂ ወዳጆቻቸው ደብዳቤ ጽፈው ላኩት። ራማቻንድራ ራው የተባሉ ሹምም በመጀመሪያ ቢጠራጠሩትም በኋላ ችሎታውን ተረድተው ለኑሮው በወር 25 ሩፒ ይሰጡት ጀመር። በ1911 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጽሑፉ በማኅበሩ መጽሔት ላይ ታተመ።

በዚያው መጽሔት ላይ ራማኑጃን ለአንባብያን አንድ ጥያቄ አቅርቦ ነበር። ስድስት ወር ያህል ቢጠበቅም መልስ የላከ ሰው ስላልተገኘ እሱ ራሱ መለሰው። ጥያቄው ይህ ነው፦

√(1 + 2√(1 + 3√(1 + 4√(1 + … ))))

ይህ ማለቂያ የሌለው የዳግም ዘር ወይም የስኩዌር ሩት ድርድር ዋጋው ስንት ነው? ሲያዩት ያስፈራል፤ መልሱ ግን 3 ነው። ምክንያቱንም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሊረዳው ይችላል። 3 የ9 ዳግም ዘር ነው፤ 9 ደግሞ 1 ሲደመር 2 ጊዜ 4 ነው። 4 የ16 ዳግም ዘር ነው፤ 16 ደግሞ 1 ሲደመር 3 ጊዜ 5 ነው። 5 የ25 ዳግም ዘር ነው፤ 25 ደግሞ 1 ሲደመር 4 ጊዜ 6 ነው። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አንድ ቍጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኘው፣ በአንድ የሚያንሰውና በአንድ የሚበልጠው ቍጥር ተባዝተው በላዩ 1 ሲጨመር ነውና። ይህንንም ደንብ ሁላችን በክፍል ተምረነዋል። ድርድሩ ማለቂያ ስለሌለው ነገሩን ፈጽሞ ለማረጋገጥ ተጨማሪ ሥራ ቢያስፈልግም፣ የጥያቄው ቍልፍ ግን ይህ ቀላል ደንብ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ የሚያስፈራ ጥያቄ ሁሉ የማናውቀውን ዕውቀት የሚጠይቅ አለመሆኑን ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው የምናውቀውን ቀላል ነገር በደንብ ማወቃችንን ነው።

በመጋቢት ወር በ1912 ዓ.ም. ራማኑጃን በማድራስ የወደብ መሥሪያ ቤት በወር 30 ሩፒ ደመወዝ የሒሳብ ክፍል ጸሐፊ ሆነ። አለቆቹ ችሎታውን ዐውቀው ስላበረታቱት፣ በእንግሊዝ አገር ላሉ ሊቃውንት ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር። ሁለት የካምብሪጅ ሊቃውንት የላከላቸውን ወረቀት ያለ አስተያየት መለሱለት። እሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ በጥር ወር በ1913 ዓ.ም. ለሦስተኛው፣ ጐድፍሪ ሃሮልድ ሃርዲ ለተባለው የካምብሪጅ መምህር ጻፈ፤ ብዙ ደንቦችንም ያለ ማረጋገጫ አያይዞ ላከ።

ሃርዲ ደብዳቤውን ባየ ጊዜ መጀመሪያ የአታላይ ሥራ መሰለው። ማታ ግን ከባልደረባው ከሊትልውድ ጋር ተቀምጦ ሲመረምረው፣ አንዳንዱን የሚያውቀው፣ አንዳንዱን ደክሞ ሊያረጋግጠው የሚችል፣ አንዳንዱን ግን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው ሆኖ አገኘው። እንዲህ ያለውን ደንብ ከባዶ ፈጥሮ ለማታለል የሚችል ሰው አይኖርምና እውነት መሆን አለበት ብሎ ፈረደ። ከመካከላቸው የተሳሳቱም ነበሩ፤ ይልቁንም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር በሌላ ስለማይካፈሉት ቍጥሮች የጻፈው ትክክል አልነበረም። ስለዚህ ሃርዲ በመልሱ ደብዳቤ አጥብቆ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ማረጋገጫውን እንዲልክለት ነው።

ስለ ሃርዲም ጥቂት መናገር ይገባል። ይህ መምህር ስለ ከባድ ፈተና ብዙ የሚያውቅ ሰው ነበረ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ትራይፖስ የሚባል የብዙ ቀን የሒሳብ ፈተና ነበር፤ ተፈታኞቹ በደረጃ ተቈጥረው አንደኛው በአገሩ ሁሉ ይታወቅ ነበር። ተማሪዎቹም ገንዘብ ከፍለው በግል አስጠኚዎች ይዘጋጁ ነበር፤ ኤድዋርድ ራውዝ የተባለው አስጠኚ ካዘጋጃቸው መካከል ከ20 በላይ የሚሆኑት አንደኛ ወጥተዋል። ሃርዲ ራሱ በ1898 ዓ.ም. አራተኛ ወጣ። ነገር ግን ትምህርቱ ሁሉ ጥያቄን በፍጥነት መሥራትን ብቻ ማለማመድ ስለ ሆነበት ሊያቋርጠው እስኪያስብ ድረስ ተማሮ ነበር። በኋላም ፈተናው እንዲሻሻል ተከራከረ፤ ተፈታኞችን በተራ ቍጥር መደርደርም ከ1909 ዓ.ም. በኋላ ቀረ። እንግዲህ ፈተናን አልፎ የናቀው ሰው፣ ፈተናን ወድቆ የተዋረደውን ሰው አገኘው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ለሌለው ለዚህ ወጣት በወር 75 ሩፒ ለምርምር ሰጠው። ባሕር መሻገር በወገኑ ሥርዐት የተከለከለ ስለ ነበረ ወደ እንግሊዝ አገር ለመሄድ በመጀመሪያ እንቢ ብሎ ነበር፤ በኋላ ግን እናቱ ስለ ፈቀደች በመጋቢት ወር በ1914 ዓ.ም. በመርከብ ተነሥቶ በሚያዝያ ሎንዶን ደረሰ።

በካምብሪጅ ሃርዲን አንድ ትልቅ ነገር አሳሰበው። ራማኑጃን አንዳንድ ነገር ከሁሉ በላይ ያውቃል፤ ሌላ ነገር ግን የኮሌጅ ተማሪ የሚያውቀውን እንኳ አያውቅም። ማረጋገጫ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነም በግልጽ የተማረው አልነበረም። ሃርዲ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሮ በሥርዐት ላስተምረው ቢል የተሰጠውን የተፈጥሮ ብልኀት እንዳያደነዝዝበት ፈራ፤ ጨርሶ ቢተወውም ስሕተቱን ሳያውቅ መቅረቱ ነው። ስለዚህ መካከለኛውን መንገድ መረጠ፤ ራማኑጃን በሚሠራው ሥራ ላይ አብሮት እየሠራ፣ የጐደለውን በጐደለበት ስፍራ ብቻ እየሞላ አስተማረው። ሃርዲም ከራማኑጃን የተማረው እሱ ካስተማረው እንደሚበልጥ ከጊዜ በኋላ መስክሯል። ለኔ እውነተኛ አስጠኚ ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው።

በ1916 ዓ.ም. ራማኑጃን ብዙ አካፋዮች ስላሏቸው ቍጥሮች በሠራው ምርምር ከካምብሪጅ ዲግሪ ተቀበለ። ሁለት ጊዜ የኮሌጅ ፈተና የወደቀው ሰው ያለ ፈተና፣ በሥራው ብቻ ዲግሪ አገኘ። ከሃርዲ ጋርም ቍጥሮችን በድምር ስለ መክፈል የታወቀ ሥራ ሠሩ። ለምሳሌ 4 በአምስት መንገድ ይከፈላል፤ ይኸውም 4፣ 3+1፣ 2+2፣ 2+1+1 እና 1+1+1+1 ነው። 10 በ42 መንገድ ይከፈላል። 100 ግን በ190,569,292 መንገድ ይከፈላል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መቍጠር ስለማይቻል፣ ሁለቱ ሰዎች ብዛቱን የሚያገኝ የስሌት መንገድ በ1918 ዓ.ም. አወጡ።

ከዚህ በኋላ ግን ሕመም መጣ። ራማኑጃን ሥጋ የማይበላ፣ ምግቡንም ራሱ የሚያበስል ሰው ነበረ፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የለመደውን ምግብ ማግኘት ቸገረው፤ ብርዱና ብቸኝነቱም ተጨመረበት። ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንዱ የሕሙማን ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር ኖረ። አንድ ቀን ሃርዲ ሊጠይቀው በታክሲ መጥቶ፣ የታክሲው ቍጥር 1729 መሆኑንና ቍጥሩም ምንም ልዩ ነገር የሌለው እንደ መሰለው ነገረው። ሕመምተኛው ግን ወዲያው፣ በሁለት ልዩ ልዩ መንገድ የሁለት ኵቦች ድምር ከሚሆኑት ቍጥሮች ሁሉ ትንሹ እሱ መሆኑን አስረዳው። በእርግጥም 1729 የ1 እና የ12 ኵብ ድምር ነው፤ እንደ ገናም የ9 እና የ10 ኵብ ድምር ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ አስሉትና እዩት።

በ1918 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ፤ በዚያው ዓመት በካምብሪጅ የትሪኒቲ ኮሌጅ ባልደረባ ሆኖ ተመረጠ፤ ይህንንም ክብር ከሕንዳውያን መጀመሪያ ያገኘ እሱ ነው። በ1919 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀውም። አልጋ ላይ ሆኖም ሥራውን አልተወም፤ በጥር 1920 ዓ.ም. ለሃርዲ በጻፈው በመጨረሻው ደብዳቤ ፈጽሞ አዲስ የሆነ የሒሳብ ሐሳብ ልኳል። በሚያዝያ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. በማድራስ ከተማ በ32 ዓመቱ ዐረፈ። ባለቤቱ ጃናኪ እስከ 1994 ዓ.ም. ኖራለች። በመጨረሻው ዓመት የጻፋቸው ወረቀቶች በትሪኒቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ተረስተው ኖረው፣ በ1976 ዓ.ም. ጆርጅ አንድሩስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ አገኛቸው። በሕንድ አገርም የተወለደበት ታኅሣሥ 22 ቀን የሒሳብ ቀን ተብሎ ይከበራል።

ከዚህ ታሪክ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ምን ይማራል? በኔ አስተያየት አራት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ አንድ ትምህርት መውደድ መልካም ነው፤ ለወደዱት ሲሉ ሌላውን መተው ግን የወደዱትንም ያሳጣል። ሁለተኛ፣ ደንብን በቃል ከመያዝ ይልቅ እውነት መሆኑን በራስ እጅ መፈተን ይበልጣል፤ በራሱ ያረጋገጠውን ደንብ ተማሪ በፈተና ቀን ቢረሳው እንኳ እንደ ገና ሊያወጣው ይችላል። ሦስተኛ፣ ሙያ በልብ ነው ቢባልም፣ ወረቀቱን የሚያርመው መምህር በልብ ያለውን ማየት አይችልም፤ ስለዚህ መንገዱን ደረጃ በደረጃ መጻፍ ያስፈልጋል። ምርጫ ብቻ በሚጠየቅበት ፈተናም ቢሆን፣ በመለማመጃ ጊዜ መንገዱን መጻፍ ስሕተት የገባበትን ስፍራ ለይቶ ያሳያል። አራተኛ፣ ሁለት ሰዎች ደብዳቤውን ሲመልሱበት ለሦስተኛው የጻፈ ሰው፣ አልገባኝም ብሎ መጠየቅ እንደማያሳፍር አስተምሮናል።

እኔም በዚህ ዓመት እነዚያን ሁለት ጓደኞቼን ይቅርታ ጠይቄ ቅዳሜያችንን እንደ ገና ጀመርን። አሁን ግን ሥርዐታችን ሌላ ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ያቃተውን ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ የጥናቱ አርእስት እሱ ይሆናል እንጂ እኔ አልመርጥም። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ የሚጽፈው ያቃተው ተማሪ ራሱ ነው፤ እኛ የምንናገረው በቆመበት ስፍራ ብቻ ነው። የተሳሳትነውን ጥያቄ በአንድ ደብተር እናሰፍራለን፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ሳናይ እንደ ገና እንሠራዋለን። ከአራቱ ቅዳሜዎች አንዱን ለእንግሊዝኛ ሰጥተነዋል፤ በዚያ ቀን ደካማው እኔ ስለ ሆንሁ የሚያስጠኑኝ እነሱ ናቸው። ባለፈው ወር ያ በአጥሩ ሥር የተቀመጠው ጓደኛዬ እኔን ያቃተኝን አንድ ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ሲፈታው አየሁ፤ ከራሴ ውጤት ይልቅ ያ ደስ አሰኘኝ። ፈተናው ገና ከፊታችን ነው፤ ምን እንደምናገኝም አናውቅም።

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ አንዳንዱ ተማሪ በአንድ በኩል በርትቶ በሌላ በኩል ሲደክም ባያችሁ ጊዜ፣ ሃርዲ እንዳደረገው የጐደለውን በጐደለበት ስፍራ ሙሉለት። የተከበራችሁ ወላጆቻችን፣ ልጃችሁ ወድቆ በመጣ ቀን በሩን ክፈቱለት፤ ያን ቀን የሚያስፈልገው ቍጣ አይደለምና። ጓደኞቼ ሆይ፣ እኛም የራማኑጃንን ትጋት እንያዝ፤ የራማኑጃንን ስሕተት ግን አንድገመው። ለሁላችንም መልካም የጥናት ዘመን እመኛለሁ።